ፕሬዚዳንት በስንተኛው ዓመቱ ይመዘናል?

ጥያቄው ይሄ ነው። አሜሪካዊ መራጭ ስለ ፕሬዚዳንቱ ያለውን አስተያየት በሥልጣን ዘመኑ መሀል ሲቀያይር ብስለት ነው ወይስ መዋለል? ተከራካሪዎቹ እዚያው ድምፅ የሚሰጡ ሐበሾች ናቸው። የድጋፍ ቁጥሮቹ የሕዝብ አስተያየት ከሚሰበስበው ከጋሉፕ ድርጅት ናቸው፣ ዓመቶቹ ደግሞ እ.ኤ.አ.።

ጋሼ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጂሚ ካርተር በማርች 1980 የስደተኞችን ሕግ ፈረመ። በሱዳን በኩል የወጣን ብዙዎቻችን አሜሪካ የገባነው በዚያ ሕግ ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሬገን 44 ስቴት ጠራርጎ ወሰደበት። ለካርተር ከቀሩት ስድስት ስቴቶች አንዷ ሜሪላንድ ናት፣ ይመችሽ ብያታለሁ።

እርግጥ ኑሮ ተወዶ ነበር። ቴህራን ላይም አሜሪካውያን ታግተዋል። ግን ኤምባሲው በ1979 መጨረሻ የተያዘ ሰሞን የካርተር ድጋፍ ከሠላሳዎቹ ተነስቶ ከ50 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። ያው ሰውዬ፣ ያው እገታ። መጀመሪያ ሰቀለው፣ ቆይቶ ፈጠፈጠው። ይሄ ስሜት እንጂ ፍርድ አይደለም።

ትሩማንም በ1945 87 በመቶ ነበረው። በ1952 መጀመሪያ 22 ቀረው። አውሮፓን ከጦርነቱ በኋላ መልሶ ያቋቋመው የማርሻል ፕላንና የኔቶ ሰው! ዛሬ የታሪክ ምሁራን ከምርጦቹ ተርታ ነው የሚያስቀምጡት።

እሷ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ነው። መራጭ 30 ዓመት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። በየአራት ዓመቱ ና ፍረድ ይባላል፣ ባወቀው ይፈርዳል።

ትልቁ ቡሽ በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲያበቃ 89 በመቶ ደርሶ ነበር። በ1992 ምርጫ ያገኘው ድምፅ 37 በመቶ ብቻ ነው። ሕዝቡ ከዳው? የለም። ጦርነቱን ወደደለት፣ ኢኮኖሚው ላይ ግን አላረካውም።

ኒክሰንስ? በ1972 49 ስቴት አሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዋተርጌት ቅሌት (የተቀናቃኝ ፓርቲ ቢሮ ተሰብሮ ከተገባ በኋላ ነገሩን በመሸፋፈን) 24 በመቶ ላይ ሆኖ ሥልጣን ለቀቀ። የመረጡት ሰዎች «አንዴ መርጠናል» ብለው ቢደርቁ ኖሮ፣ የገዛ ፓርቲው ሰዎች ዋይት ሀውስ ድረስ ሄደው ድጋፍ እንደሌለው ይነግሩት ነበር?

ጋሼ

ኒክሰንን ካነሳሽማ የተካውን ፎርድን ላንሳልሽ። ሴፕቴምበር 8፣ 1974 ለኒክሰን ምሕረት አደረገለት። ገና ክስ እንኳ አልተመሠረተም። አገር ታመሰ። ውስጥ ለውስጥ ተዋውለው ነው ተባለ። ሥልጣን ሲይዝ 71 በመቶ የነበረው ድጋፍ ወዲያው ወደ 50 ወረደ። በ1976 ተሸነፈ፤ ብዙ ሰው ያ ምሕረት ነው የጣለው ይላል።

በ2001 ቦስተን ያለው የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት በዚያው ውሳኔ የጀግንነት ሽልማት ሰጠው። ሴናተር ቴድ ኬኔዲ ያኔ ምሕረቱን ተቃውሞ ነበር። በሽልማቱ ቀን ቆሞ ፎርድ ልክ ነበር አለ። 27 ዓመት ፈጀበት! የኬኔዲ ቤት ሰው እንዲህ ከሆነ፣ በሦስተኛ ሳምንቱ የሚፈርደው መራጭ ምን አስቸኮለው?

እሷ

ኬኔዲ ሐሳቡን ቀየረ አይደል? እንግዲህ ለኔ ተከራከሩልኝ።

ለነገሩ ያኔ የተቆጣው ሰው ተሳስቷል ብዬም አላምንም። ባለሥልጣን ፍርድ ቤት ሳይቆም መታለፉ ዛሬም ያናድዳል።

አሁን ያለው በሽታ ደግሞ ሌላ ነው። ትንሹ ቡሽ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ 90 በመቶ ደርሶ በ2008 25 ወረደ። ያኔ ሰው ይንቀሳቀስ ነበር። ትራምፕ በመጀመሪያ ዘመኑ አንዴም 50 አልነካም፣ ከ34 በታችም አልወረደም። ያ ሁሉ ነገር ሲሆን! ሰው ፓርቲው ውስጥ ገብቶ ቆልፏል። እኔ መዋለል ከሚሉት ይልቅ ይሄ ያስፈራኛል።

የኛን ሰው ይዩ። በ2021 የባይደን መንግሥት በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ ሐበሾች እዚህ ቨርጂኒያ ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን ቀሰቀሱ። አቋሙን የደገፉ ሐበሾችም ነበሩ። ዋናው ነገር፣ ለዴሞክራት ስንሰጥ የኖርን ሰዎች ቆም ብለን አሰብን።

ጋሼ

ያንግኪን የተወዳደረው ለገዥነት ነው እኮ ልጄ። ገዥ የሚወስነው ስለ ትምህርት ቤትና ስለ መንገድ ነው። የባይደንን ቂም የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ ላይ መወጣት ምን የሚሉት ምዘና ነው?

እሷ

ባይደን በዚያ ዓመት የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ አልነበረማ፣ ጋሼ። የፓርቲው ዕጩ ግን ነበረበት።