የካዙያ ሰበብ

ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ጓደኛችን ቤት አራት ሆነን ቴክን 8 የሚባለውን የድብድብ ጌም ስንጫወት ጭቅጭቅ ተነሳ። አንደኛው ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ካዙያ ከሚባለው ገጸ ባሕርይ ሌላ ነክቶ አያውቅም። ያን ዕለት ታዲያ ብራያንን በያዘ ጀማሪ ስድስት ጊዜ ተከታትሎ ተሸነፈ።

«ለምን አትተወውም? እኔ በሦስት ሳምንት የለመድኩትን አንተ በሁለት ወር አልቻልክም» አለው አሸናፊው።

«አንተማ በተን ትነካካለህ። እኔ የያዝኩት ከባድ ነው።»

ከባድ መሆኑንስ አይዋሽም። ኤሌክትሪክ የሚሏት ቡጢ አለችው፦ ወደ ፊት፣ መልቀቅ፣ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ፊት በሰያፍ፤ ሰያፉና የቡጢዋ በተን ትሪያንግል ደግሞ በአንድ ፍሬም፣ ማለትም በአንድ የስክሪን ምስል፣ መግጠም አለባቸው። ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም ነው የሚሄደው፤ እንግዲህ የሰከንድ አንድ ስልሳኛ መሆኑ ነው። ከገጠመ መብረቁ ይበርቃል፣ ተጋጣሚ ብሎክ ቢያደርገው እንኳ ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው መቺው ነው። ካልገጠመ ያው ቡጢ ያለ መብረቅ ይወጣና ብሎክ ከተደረገ ያስቀጣል።

«ከግራ በኩል ስቆም ከአሥር ስምንቱን አወጣለሁ» አለ ባለ ካዙያው።

«ከቀኝስ?»

«እሱ… ገና ነው።» ሳቅን። ጎን ሲቀየር እጁ ሁሉንም ገልብጦ መሥራት አለበት፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ነው የሚቀረው።

የቤቱ ባለቤት በዕድሜ ይበልጠናል፣ ከቴክን 3 ጀምሮ ነው የሚያውቀው። «እኛ ፕሌይስቴሽን ቤት እየከፈልን ስንጫወት ኤዲ የሚባለውን ገጸ ባሕርይ የመረጠ ልጅ ይሰደብ ነበር። ዝም ብሎ እግር እያወናጨፈ ያሸንፋላ! ግን ስድቡ ማንንም አላሸነፈም» አለ። ቀጠለና የፓኪስታኑን የቴክን ተጫዋች አርስላን አሽን አነሳ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢቮ ጃፓን የሚባለውን የድብድብ ጌም ውድድር፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ላስ ቬጋስ ላይ ኒ የሚባለውን ኮሪያዊ በፍጻሜ ረትቶ ኢቮን የወሰደ ሰው ነው። በቴክን 7 ስሙ የገነነው ካዙሚ በምትባል ገጸ ባሕርይ ነው፤ ለእጅ ከማይከብዱት አንዷ። (በታሪኩ ካዙሚ የካዙያ እናት ናት። እናቲቱ ገር፣ ልጅየው አስቸጋሪ!)

ባለ ካዙያው ግን ዝግጁ ነበር። «ተጫዋቹ ኩዳንስስ? እ.ኤ.አ. በ2017 የቴክን ዓለም ቱር ውድድርን ፍጻሜ ዴቪል ጂን በሚባለው ገጸ ባሕርይ አልወሰደም? እሱስ ኤሌክትሪክ አይመታም?»

እውነቱን ነው፤ መልስ የሰጠው የለም።

እኔ ሳልናገር ስድስቱንም ጨዋታ አይቻለሁ። የልጁ እጅ ምንም አልጎደለውም፤ ኤሌክትሪኩ በግራም በቀኝም ከጠበቅኩት በላይ ወጥቶለታል። የተሸነፈው በአንድ ነገር ነው፤ ብራያን ስኔክ ኤጅ የሚባል ረጅም መጥለፊያ እግር አለው፣ ሲመጣ በዓይን እስኪታይ ድረስ ዘገምተኛ ነው። ያንን ቆሞ በላው፣ ደግሞም በላው። የራሱ ጉልበት ሊያልቅ ሲል ደግሞ ወደ እግር በሚመታው ሄልስዊፕ ዕድሉን ይሞክራል፤ ያኛው ቁጢጥ ብሎ ያግደዋል፣ ከዚያ ኮምቦ፣ ተከታታይ ምት ነው። በተሸነፈ ቁጥር የሚላት ግን አንዲት ናት፦ «ካዙያ ከባድ ነው እኮ።»

ስለዚህ ተወው ከሚለው ጋር አልስማማም፤ የሁለት ወር እጅ አይጣልም። ከእሱም ጋር አልስማማም፤ ከባድ ገጸ ባሕርይ ስለያዘ ሽንፈቱን መመርመር ትቷል። ኋላ ለብቻው አግኝቼ «አንድ ወር ያለ ኤሌክትሪክ ተጫወት» አልኩት።

«ታዲያ ካዙያን ምን ልሠራበት?»

ትዊን ፒስተን የሚባለውን የካዙያ ምት አስታወስኩት። ስኔክ ኤጁን ቁጢጥ ብሎ ካገደ በኋላ ሲነሳ በሁለት ቡጢ ብራያንን አየር ላይ የሚያወጣበት ነው፤ ከኤሌክትሪክ ጋር ሲነጻጸር ለእጅ ቀላል ነው። በስድስቱ ጨዋታ አንዴም አልተጠቀመበትም።