ሃያ ፊት ያለው ቡዳ

እኛ ጎጃሜዎች ስለ ቡዳ ሲወራ እግር እግራችንን የምናይ ሰዎች ነን። አዲስ አበባ ሰው ቤት ገብተህ «ከየት ነህ?» ስትባል «ከደብረ ማርቆስ» ካልክ፣ የቤቱ እመቤት ሳቅ ብላ ሕፃኑን ወደ ጓዳ ትሸኘዋለች። «ቀልዴን እኮ ነው» ትልሃለች። ልጁ ግን አንተ እስክትወጣ አይመለስም። እንዲህ ሲታማ የኖረ ሰው ሌላውን ለማማት አይቸኩልም ብለህ ታስብ ይሆናል። እህቴን አታውቃትም።

ባለፈው ክረምት ልጇ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ሲመጣ፣ ከሚታጠበው ልብስ መሐል አንድ ከረጢት ጠጠር አገኘች። ጠጠር የምትለው እሷ ናት፤ ባለቀለም ዳይስ ነው፤ አንዱ አራት ፊት፣ አንዱ ስምንት፣ ትልቁ ሃያ ፊት ያለው። በዚያው ሳምንት አራት ጓደኞቹ መጥተው ሳሎኑን ያዙት። መብራት በመጥፋቱ ሻማ አበሩ። (መብራት ኃይል በዚህ ጉዳይ ያለበትን ተጠያቂነት ማንም አላነሳም።) እህቴ ቡና እየቆላች ጆሮዋን ጣል ብታደርግ፦

«ዘንዶው በሩ ላይ ተኝቷል።»

«ነፍሴን ሰጥቼው ልለፍ?»

«አትችልም፤ ማክሰኞ ሸጠሃታል።»

ስልኬ ጮኸ። «ወንድምዓለም፣ ድረስልኝ! ልጄ ጠጠር ጣይ ሆኗል!»

ደረስኩ። ጋቢዬን አስተካክዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ አወገዝኩት። ልጁ «ጨዋታ ነው» ብሎ በትዕግሥት አስረዳኝ። አንዱ ታሪክ ይነግራል፤ ሌሎቹ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ አስማተኛ ሆነው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ ዳይሱ ይፈርዳል። አሸናፊ የለውም።

«ትልቅ ሰው ያልሆነውን ነኝ ብሎ ይቀመጣል?» አልኩ።

«ጋሼ፣ ባለፈው ለሽምግልና ስትሄድ ጠላው ተጠምቆ፣ በጉ ታስሮ ነበር። የልጅቷ አባት ግን ‹ምን እግር ጣላችሁ?› አለ። አንተም ‹በቤቱ ስናልፍ› አልክ። በሌላ ቀን ኑ ተብላችሁም በደስታ ተመለሳችሁ። ያ ምን ነበር?»

መልስ አላገኘሁለትም። እንቆቅልሽ ያቃተው «አገር ስጠኝ» እየተባለ ጎንደርን ከነግንቡ ያስረክብበት የነበረ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ምን ልበል?

ጨዋታው በተወለደበት አገርም በሰላም አላደገም አለኝ። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በ1979 ሚሺጋን ውስጥ አንድ ተማሪ ጠፋ፤ ከዩኒቨርሲቲው ሥር ባለው የእንፋሎት መተላለፊያ ውስጥ ሲጫወት ቀረ ተብሎ በጋዜጣ ተወራ። ልጁ በሕይወት ተገኘ፣ የጠፋበትም ምክንያት ጨዋታው አልነበረም፤ ወሬው ግን ከልጁ ይልቅ እግር ነበረው። በ1980ዎቹ ሰባኪው ከመድረክ፣ ወላጁ በማኅበር ተነሣበት። ጫናው ሲበዛ በ1989 የወጣው ሁለተኛው እትም አጋንንቱን አስወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ስማቸውን ብቻ ለውጦ መለሳቸው።

«አደጉበት» አለች እህቴ። «እኛስ ቡዳን በስሙ እንጠራለን?»

ያኔ የተወገዙት ልጆች አድገው ራሳቸው ወላጅ ሆኑ፤ ውግዘቱም ቀስ በቀስ ሰው አጣ። በ2024 ጨዋታው ሃምሳ ዓመት ሲሞላው የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አተመለት። ይህን ስትሰማ እህቴ የምትቆላውን አቆመች። ቴምብር ለእሷ ቀበሌ ነው፣ ውል ነው፣ የቤት ካርታ ነው። «መንግሥት ያወቀው ነዋ!» አለች።

እውነቱን ለመናገር ልቧን ያዞረው ቴምብሩ አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያውን ይዞ ቤቲንግ ቤት ገብቶ፣ ስሙን እንኳ አጥርቶ በማይጠራው የአውሮፓ ቡድን ላይ አስይዞ ባዶ እጁን ወጣ። እህቴ በዚያ ምሽት በር ላይ ያሉትን ጫማዎች ቆጠረች። አምስት ጥንድ፤ አንድም አልጎደለም። በማግስቱ ለዘንዶው ወገን ቆሎ ቀረበ።

የንስሐ አባቷ ግን አስቀድመው ተጠርተው ስለነበር ጸበል ይዘው መጡ። የኔታ የቅኔ ሰው ናቸው። ሊገሥጹ ተቀምጠው ማዳመጥ ጀመሩ። ጥቂት ቆይተው «ይሄ ልጅ ሰሙን አምጥቷል፤ ወርቁስ?» አሉ። ከዚያ ወደ ልጅነታቸው ሄዱ። ዋሸራ ገብተው ከዛፍ ሥር ብቻቸውን እያጉተመተሙ ቅኔ ሲቆጥሩ፣ ያገራቸው ሰው «አብሾ ጠጥቶ አበደ» ብሎ ለአባታቸው ነግሯል። አባታቸውም አምነው አልቅሰዋል። «እኔ የቆጠርሁት ቅኔ፣ እናንተ የምትቆጥሩት ጠጠር» ብለው ተነሡ። ጸበሉን ግን ይዘው አልተመለሱም፤ ለማንኛውም ብለው ዳይሱ ላይ ረጩት። ቀጥሎ ሲወረወር ሃያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የኔታን የሚያስጠሩት ልጆቹ ናቸው።

እኔም በመጨረሻ ተቀመጥኩ። ማን መሆን ትፈልጋለህ ሲሉኝ አርበኛ አልኩ፤ ጎጃም ተወልዶ ሌላ የሚመርጥ ካለ አላየሁም። ምንሽር ጠየቅሁ፤ ጎራዴ ብቻ ነው ያለው ተባልኩ። የእህቴ ልጅ ለክብሬ ብሎ ታሪኩን ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ አወረደው። ድልድዩ ላይ ዘንዶው ተጋድሟል። ፎከርኩ፤ የሰባት ትውልድ ፉከራ። ዳይሱን ወረወርኩ።

አንድ።

ሳሎኑ ጸጥ አለ። ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዘንዶው ከነጎራዴዬ እንደዋጠኝ ነገረኝ። እህቴ በረካውን እየቀዳች ከልቧ «ነፍስ ይማር» አለች። ቀና ብላም ጠየቀች፦

«ዕድር ነበረው?»