ንፋስ ይመታናል

በመጋቢት ሙቀት፣ ጢም ብሎ በሞላ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት መክፈት ወንጀል ነው። ትናንት ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ ስሄድ ሁለት ጣት የምታስገባ ያህል ከፈትኩ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ "ወንድሜ፣ ዝጋው፤ ንፋስ ይመታናል" አለኝ። ሳንባ ነቀርሳ በአየር እንደሚተላለፍ፣ መስኮት ሲከፈት አየሩ እንደሚቀየር በትህትና አስረዳሁት። በጥሞና አዳመጠኝ። "ልክ ነህ፤ እኔም የጤና መኮንን ነኝ" አለና እጁን ዘርግቶ ዘጋው።

ያልተማረ ቢሆን ኖሮ ባልተናደድኩ!

"አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም" የምትለውን ተረት እወዳታለሁ። ረዳቱ "ሂሳብ!" ሲል እንቅልፍ የሚጥላቸውን ሰዎች ሳይ፣ ተራቹ ታክሲ ይሳፈር ነበር እላለሁ። ተረቷ ግን ሰውየው ለምን እንደተኛ አትነግረንም። የጤና መኮንኑን እናቱ ናት "ንፋስ ይመታሃል" እያለች በጋቢ ጠቅልላ፣ ምች ሲመታው ዳማከሴ አሽታ ያሳደገችው። እኔ ስለ ነቀርሳ ስለፈልፍ እሱ የሚሰማው "እናትህ አታውቅም" የሚል ስድብ ነው።

ዜመልቫይስ የሚባለውን ሐኪምም ይኸው ነው የገጠመው። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ፣ አስከሬን ሲመረምሩ የቆዩ ሐኪሞች ወላድ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በኤፕሪል ከመቶ 18 ገደማ የነበረው የወላዶች ሞት በጁን ወደ 2 ወረደ። ብዙ ሐኪሞች ግን አልተቀበሉትም። መቀበል "እነዚያን እናቶች የገደላቸው የኛ እጅ ነው" ብሎ ማመን ነበራ።

የመስኮቱን ነገርማ ተዉት። እኔን የሚያንገበግበኝ እድራችን ነው። በየለቅሶው ድንኳን ከመከራየት መግዛት እንደሚረክስ አስልቼ አቀረብኩ። ሂሳብ ሹሙ ደግሞ ደምሮ "ልክ ነው" አለ። ከዚያ ኪራዩ እንዲቀጥል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ! የኔ ስሌት ልክ ከሆነ ሊቀመንበሩ ስንት ዓመት ገንዘባችንን ሲያባክኑ ኖረዋል ማለት ነው። የሁላችንንም ወላጆች ያስቀበሩ ሽማግሌ ፊት ማን ደፍሮ እጁን ያወጣል? እሺ፣ ይሉኝታ ነው እንበል። ግን ያ ሂሳብ ሹም! በገዛ እጁ ደምሮ፣ በገዛ እጁ ተቃወመ።

ድንኳኑ ዛሬም የኪራይ ነው። ባለፈው ክረምት ደግሞ አፍስሶብናል።