ፈገግ በል፣ ለቅሶ ቤት ነህ

የአንድ ወዳጄ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ተፈራርመው ማመልከቻ አስገቡ። ኑሮው እንዴት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። መልሱ ከተጠበቀው በላይ ፈጥኖ መጣ። ስብሰባ ተጠራ፣ ሻይና ቆሎ ቀረበ፣ አለቅየው ተነስተው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ አንድ መጽሐፍ አደሉ። እንደ ሀብታም ማሰብን የሚያስተምር፣ ሽፋኑ ላይ ወርቃማ ፊደል ያለው መጽሐፍ። "ደመወዝ ያልቃል፣ አስተሳሰብ አያልቅም" አሉ። ተጨበጨበ። ወዳጄ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ መጽሐፉን ተቀብላ ገልብጣ አራገፈችው። መሃሉ ፖስታ ቢኖር ብላ ነው። የወደቀው ዕልባት ነው።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ዝም ማለት አቃተኝ። እነዚህን የራስ ማበልጸጊያ መጽሐፍ ሊቃውንት የሚያመሰግናቸው ጠፍቷል። ሁላችንም ከሩቅ ስናያቸው መንገድ እንቀይራለን። ስልክ የተደወለልን እናስመስላለን። ምን አጠፉ? "ሰላም ነው?" ስንላቸው "የማለዳ ልማድህ ምንድነው?" ብለው መመለሳቸው ብቻ! ነውር ነው። እኔ ዛሬ ላመሰግናቸው ተነስቻለሁ።

ከጽናታቸው ልጀምር። በዓመት 52 መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አውቃለሁ። በሳምንት አንድ። ቁጥሩን ስቶ አያውቅም። ስለ ምን እንደሆነ ስትጠይቁት "ዋናው ራስህን መለወጥ ነው" ይላችኋል። ያለፈው ሳምንቱስ? "እሱም ራስን መለወጥ ነው።" የዚያኛውስ? ያው። አንድ ዓረፍተ ነገር በዓመት 52 ጊዜ ማንበብ ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ ብሆን በሦስተኛው ሳምንት እተኛለሁ።

ይኸው ሰው የስቲቨን ኮቪን የሰባቱን ልማዶች መጽሐፍ ሦስት ጊዜ አንብቦታል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ነው። የእሱ ቅጂ ግን ከአዟሪ የተገዛ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ መሃሉ ላይ 16 ገጽ ጎድሎታል። የጎደለው ደግሞ ሌላ ቦታ አይደለም፣ አምስተኛው ልማድ ላይ ነው። አምስተኛው ልማድ "ሰው እንዲረዳህ ከመፈለግህ በፊት አንተ ሰውን ለመረዳት ሞክር" የሚለው ነው። ሦስት ጊዜ ሲያነብ ጎደለ ብሎ አያውቅም። እኔ ግን ስናወራው ለምን አፋችንን እየነጠቀ እንደሚያወራ አሁን ገባኝ። ጥፋቱ የአባዢው ነው። በሐሰት አምተነዋል።

አዟሪውንም ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ከሆዱ እስከ አገጩ መጽሐፍ ይደረድርና የላይኛውን በአገጩ ይጫነዋል። ልብ ወለዱ ከሥር ነው። የሀብት ምስጢሩ ከላይ፣ ለዓይን እንዲቀርብ። አስቡት እንግዲህ፣ የዓለም ሚሊየነሮች ምስጢር በሙሉ ደረቱ ላይ ተደርድሮ ልጁ ከጠዋት እስከ ማታ በእግሩ ይዞራል። ሶሉ አልቋል። ምናልባት አያነበውም። ወይም ደግሞ አንብቦት ይሆናል።

ይህ ዓይነት መጽሐፍ ጊዜውን ጠብቆ መምጣት ያውቅበታል። ናፖሊዮን ሂል አስቦ ስለመበልጸግ የጻፈው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ያኔ አሜሪካ ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ገና አልወጣችም። ኪስ ባዶ ሲሆን ማሰቢያ ሰዓት ይተርፋል መሰለኝ።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን የሰፈራችንን የለቅሶ ቤት ጀግና ነው። ይህ ወጣት በቅርቡ ያነበበው የዴል ካርኒጊን ወዳጅ የማፍሪያ መጽሐፍ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣውን። ልብ በሉ፣ መጽሐፉን አልሳደብም። ሰውየው ኒውዮርክ ውስጥ ለነጋዴና ለሻጭ ንግግር ሲያስተምር የኖረ ነው፣ የጻፈውም ለእነሱ ነው። በሰው ለመወደድ ስድስት መንገዶች አሉ ይላል። ኒውዮርክ ውስጥ ዕቃ ለመሸጥ ይጠቅም ይሆናል። የኛ ጀግና የሞከረው ድንኳን ውስጥ ነው።

ፈገግ በል ይላል መጽሐፉ። ልጁ ድንኳኑን ገለጥ አድርጎ፣ ሠላሳ ሁለት ጥርሱን አሳይቶ ገባ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፍራሽ ላይ ተደርድረዋል። ባሏ የሞተባት እናት ቀና ብለው አዩት። ለአንድ አፍታ ፊታቸው በራ። ሬሳው ተነሳ ሊላቸው የመጣ ሳይመስላቸው አልቀረም። አጠገባቸው ያሉት ሴትዮ ከንፈራቸውን መጠጡና "ምስኪን፣ ሐዘኑ ጭንቅላቱን ነካው" አሉ። ጸበል ውሰዱት የሚልም ነበር።

ሰውን በስሙ ጥራው፣ ለሰው ጆሮ ከስሙ የሚጣፍጥ ድምፅ የለም ይላል መጽሐፉ። ልጁ ሄዶ የዕድሩን ዳኛ በስማቸው ጠራቸው። ጋሼ የለ፣ አባባ የለ። ስማቸውን ብቻ፣ እንደ ሰፈር እኩያ። ያውም እንዳይረሳው በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ እየደገመ። እኚህ ሰው ሚስታቸው እንኳን ሃምሳ ዓመት ሙሉ "እሳቸው" ስትላቸው የኖረች ናቸው። አባቱ ከወዲያ ጥግ ሆነው መሬቱን ነው የሚያዩት።

ሰው ስለራሱ እንዲያወራ አድርግ፣ ጥሩ አድማጭ ሁን ይላል። እኛ ለቅሶ ቤት "እግዜር ያጥናችሁ" ብለን፣ ቁጭ ብለን፣ ዝም ብለን፣ ተነስተን እንሄዳለን። ዝምታው ራሱ ነገር ነው። ልጁ ግን ዝምታውን የግንኙነት ክፍተት አድርጎ ቆጠረው። ከባለለቅሶዋ ፊት ቁጢጥ አለና "እስኪ ስለራስዎ ይንገሩኝ" አላቸው። ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። አሁን ከሌላ መጽሐፍ የቃረማትን መዘዘ። "ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ነው የሚያዩት?"

"ከሱ አጠገብ" አሉት።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጀግና ግን ሦስት መንገድ ሞክሮ ሦስቱን አይተውም። ሌላው የሚወደውን ነገር አንሳለት፣ ትልቅ ሰው እንደሆነ እንዲሰማው አድርግ ይላል መጽሐፉ። ማታ ነው፣ አዳሪዎቹ ከድንኳኑ ጀርባ ካርታ ይጫወታሉ። ልጁ ከአንዱ ሽማግሌ ኋላ ቆመ፣ እጃቸውን አየ፣ ከልቡ አደነቀ። "ሁለቱም ጆከር እርስዎ ዘንድ ነዋ! እንዴት ያለ ዕድል ነው!" ካርታው ተወረወረ። ሽማግሌው ለፀብ ሲነሱ ሰው መሃል ገባ።

አሁንም አላበቃም። አድናቆትህ ከልብ ይሁን የሚል ትዝ አለው መሰለኝ፣ ማጀት ገባ። ሴቶቹ ከንጋት ጀምረው ጭስ ሲበላቸው የዋሉ ናቸው። ንፍሮውን በእጁ ዘገነ፣ ቀመሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ መረቀ።

"እንዲህ ያለ ንፍሮ ደጋግሞ ያብላን!"

ጭልፋ ስትወድቅ ከድንኳኑ ተሰማ።

እንግዲህ በስድስት መንገድ ስድስት ዓይነት ጠላት ማፍራት እንደሚቻል ካርኒጊ ራሱ አያውቅም ነበር። ይህ የኛው ግኝት ነው። ልጁ ግን አንዳች አልከፋውም። ማታውኑ ቴሌግራም ላይ "ከለቅሶ ቤት የተማርኳቸው 7 የሕይወት ትምህርቶች" ብሎ ለጠፈ። አንደኛው "ጊዜህን አክብር" ይላል። በማግስቱ ወንበርና ብረት ምጣድ ወደ ዕድር ቤት ሲመለስ፣ ድንኳን ሲጠቀለል፣ የሰፈሩ ልጆች በትከሻቸው ሲያመላልሱ እሱ አልነበረም። ጊዜውን አክብሮ ነበር።

የሚገርመው የዚህ ሁሉ አያት የሆነው መጽሐፍ አወላለድ ነው። ስኮትላንዳዊው ሳሙኤል ስማይልስ እ.ኤ.አ. በ1859 ራስን ስለመርዳት ያሳተመው መጽሐፍ መነሻው ብቻውን ማለዳ የሚነሳ ሰው አልነበረም። ሊድስ ከተማ ውስጥ ጥቂት ወጣት ሠራተኞች በክረምት ማታ ማታ እየተሰበሰቡ እርስ በርስ መማማር ጀመሩ። ትንሽ የሚያውቀው ምንም የማያውቀውን ያስተምራል። ቁጥራቸው ሲበዛ ቀድሞ የኮሌራ ሕሙማን ማቆያ የነበረ አዳራሽ ተከራዩ። ስማይልስን መጥተህ አንድ ነገር ተናገርልን ያሉት እነሱ ናቸው፣ መጽሐፉም ከዚያ ንግግር ተነሳ። ዕድር በሉት፣ ማኅበር በሉት። የኛ ሰዎች አያታቸውን አያውቁትም። ቢያውቁትም ሰው የበዛበት ነገር አይወዱም።

"ድህነት አስተሳሰብ ነው" ይላሉ። "ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስ፣ ሕይወትህ ይለወጣል" ይላሉ። ማንን ነው የምትቀሰቅሱት? ከእንጦጦ እንጨት በጀርባዋ ተሸክማ የምትወርደው ሴት 11 ሰዓት ላይ መንገድ ላይ ናት። እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታስረክበው ምጣዷን ከጣደች ቆይታለች። የታክሲው ረዳት ፌርማታ ላይ እየጮኸ ነው። የአለቅየው ጥበቃ ጭራሽ አልተኛም። ማለዳ መነሳት ሀብታም ቢያደርግ የዚህ ከተማ ቪላ በሙሉ የነዚህ ሰዎች ነበር። የጎደላቸው ገንዘብ ነው። የቤት ኪራይ ነው። የሚከፈላቸው አይበቃቸውም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ይህን እያወቀ፣ ከፋዩ ራሱ ሆኖ፣ "አስተሳሰብህን ቀይር" የሚል ሰው መካሪ አይደለም። የሰው ላብ በልቶ፣ ጥፋቱን በባለላቡ ላይ የሚለጥፍ ሰው ነው። አላፍር ብሎ ደግሞ ይጨበጨብለታል።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን።

የወዳጄ አለቃ መጽሐፉን አድለው ብቻ አልቀሩም። በየሳምንቱ አርብ ከሰዓት ሠራተኛው ያነበበውን ለጓደኞቹ እንዲያካፍል መርሐ ግብር አውጥተዋል። ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው። ትርፍ ሰዓት አይከፈልም፣ ዕውቀት በገንዘብ አይለካምና። ባለፈው አርብ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ተራ ደረሳት። አንብባ መጣች። መጽሐፉ የሚገባህን ዋጋ ሳትፈራ ጠይቅ ይላል፣ እኔም ከዚህ ምዕራፍ ብዙ ተምሬያለሁ ብላ ማመልከቻውን እንደገና ከቦርሳዋ አወጣች። አለቅየው ሰዓታቸውን አዩ። ምዕራፉ ለጀማሪ ይከብዳል አሉ። ለሚቀጥለው አርብ ስለ ምስጋና ኃይል የሚያወራው ምዕራፍ ተመድቧል።

የለቅሶ ቤቱ ጀግናም ሥራ አልፈታም። ከሞከራቸው መንገዶች ሁሉ ያገኘውን ልምድ ሰብስቦ የራሱን መጽሐፍ እያዘጋጀ ነው አሉ። ምርቃቱ የት እንደሚሆን አዳራሽ ታይቷል። አስተያየት የሚሰጡት ሰዎች አስተያየታቸውን ሰጥተዋል፣ ሕይወት ቀያሪ ነው ብለዋል። ሽፋኑም አልቋል። ሱፍ ለብሶ፣ እጁን አጣምሮ፣ ሽቅብ እያየ። ውስጡ ብቻ ነው የቀረው።