ከሲግራም ሕንፃ ይልቅ አደባባዩ

ስለ ኒውዮርኩ ሲግራም ሕንፃ ያነበብኩት ጽሑፍ ሕንፃውን የሚያደንቀው በነሐስና በመስታወት ገጽታው ነው፤ እኔ ግን ከተማዋን ይበልጥ የለወጠው ከሕንፃው ፊት የተተወው ክፍት ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮ ከአርክቴክት ፊሊፕ ጆንሰን ጋር የነደፉት ይህ ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1958 ሲጠናቀቅ፣ ውድ ከሆነው የፓርክ አቬኑ መሬት ሰፊ ክፍል ለእግረኛ ትቶ ወደ ኋላ ማፈግፈጉ ብዙዎችን አስደንቆ ነበር፤ በከተማዋ የ1916 የግንባታ ደንብ መሠረት የሚሠሩት አብዛኞቹ ሕንፃዎች ቦታውን እስከ መንገዱ ጠርዝ ሞልተው፣ ከፍ ሲሉ ደረጃ በደረጃ እየጠበቡ የሚሄዱ ነበሩና።

ችግሩ የመጣው አርአያነቱ ወደ ሕግ ሲለወጥ ነው። የከተማዋ የ1961 የግንባታ ደንብ አደባባይ ለሚተው አልሚ (ሕንፃ ገንቢ) ተጨማሪ የወለል ስፋት እንዲሠራ ፈቀደ፤ ከፍተኛ ግንባታ በሚፈቀድባቸው አካባቢዎች ለአንድ ካሬ ጫማ አደባባይ እስከ 10 ካሬ ጫማ ወለል ማለት ነው። አልሚዎች በእርግጥ አተረፉ፤ ሕዝቡ ግን በብዙ ቦታ ያገኘው መቀመጫ የሌለው፣ ነፋስ የሚፈራረቅበት ባዶ ንጣፍ ነበር። የከተማ ሕይወት ተመራማሪው ዊልያም ዋይት የአደባባዮቹን አጠቃቀም በካሜራ እየቀረጸ ባጠናበት ጊዜ፣ የሲግራሙ አደባባይ በሰው የሚሞላው ደረጃዎቹና የገንዳዎቹ ዳር ለመቀመጥ ስለሚመቹ መሆኑን አሳየ (ሚስ ግን ለመቀመጫነት አላሰቧቸውም ነበር)። ከተማዋም በ1975 ደንቡን አሻሽላ በአዳዲስ አደባባዮች መቀመጫ እንዲኖር አስገደደች። ጸሐፊው ስለ ነሐሱ በስፋት ሲያትቱ ከ1961 እስከ 1975 ያሉትን 14 ዓመታት ጨርሶ መዝለላቸው ከልብ አሳዝኖኛል።