ወሬ ዋጭ

ኮምፒውተሮች በሽቦ የሚነጋገሩበት የኢተርኔት ደንብ ለቡና ሰዓት ቢታወጅ ሰፈራችን ሰላም ያድር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 1973 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ዜሮክስ ፓርክ በተባለው የምርምር ማዕከል፣ ቦብ ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ ኮምፒውተሮችን በአንድ ሽቦ አገናኙ። ሁሉም የሚያወራው በዚያችው ሽቦ ነው። ሰብሳቢ የለም፣ ተራ የሚሰጥ የለም። ማሽኑ ከመናገሩ በፊት ጆሮውን ጣል ያደርጋል፤ ሌላው እያወራ ከሆነ ይጠብቃል። ሁለቱ እኩል ጀምረው ከተጋጩ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ዕጣ የወጣለትን ያህል ቆይቶ እንደገና ይሞክራል። በኋላ በጸደቀው ደንብ 16 ጊዜ ሞክሮ ያልተሳካለት መልእክቱን ይተወዋል።

እኛ ስንጋጭ ድምፅ ነው የምንጨምረው። አስራ ስድስተኛው ላይ የተወ ዘመድም እስካሁን አላጋጠመኝም።

እኔን የገረመኝ ግን የሽቦው ጫፍ ነው። በዚያው በኋላ በጸደቀው ደንብ፣ በሁለቱም ጫፍ ተርሚኔተር የምትባል ባለ 50 ኦም ቁራጭ ትገጠም ነበር። ሥራዋ መዋጥ ብቻ ነበር። ጫፍ የደረሰው ምልክት የሚውጠው ካጣ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ አዲሱን ወሬ ያበላሻል። ሰፈራችን እንዲህ ያሉ አንድ እናት ነበሩ፤ የነገሯቸው ሁሉ እዚያው ይቀራል። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ስለ እኔ የተወራው ዞሮ እኔው ጋ ይደርሳል። ሽቦው ላይ የሚመለሰው እንኳ እየደከመ ነው፤ የእኛው ግን ሰብቶ ነው የሚመጣው።

ድሮ የሠራሁበት ቢሮ የዚህ ሽቦ ቀጭኑ ዓይነት ነበረው። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ጀርባ ላይ የቲ ቅርጽ ያላት ማገናኛ አለች። ቲዋን ከኮምፒውተሩ ብትነቅላት የሚቋረጠው ያ ሰው ብቻ ነው። ሽቦውን ከቲዋ ከነቀልከው ግን ዋጭ የሌለው ጫፍ ተፈጠረ ማለት ነው። ፎቁ በሙሉ ጭጭ!

አንድ ቀን ጭጭ አለ። እኔና አንድ ባልደረባዬ በየጠረጴዛው ሥር ስንድህ ዋልን። አለቃችን ከላያችን ቆመው «እዚህ ቤት ሥራውን የሚያውቅ ሰው የለም!» እያሉ ይጮኻሉ። በመጨረሻ ተነቅሎ የተገኘው የእሳቸው ጠረጴዛ ሥር ያለው ነው። ለእግራቸው አልመች ብሏቸው ነቅለውት ኖሯል።

ባልደረባዬ ቀስ ብሎ መልሶ ጠመዘዘው። ወጥቶም «ከዋናው ነበር» አለና ዝም። ወሬው እዚያው ቀረ።

እኔ ባላወራው ኖሮ።