ታይገርን «ይብቃህ» ለማለት አትቸኩሉ

ጎልፍ ተጫዋቹ ታይገር ዉድስ በተጎዳ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ለምን አይተወውም?» ከአራቱ ታላላቅ የጎልፍ ውድድሮች ያገኛቸው 15 ትልልቅ ዋንጫዎች አሉት፤ ገንዘብ አለው፤ ስም አለው። ምን ቀረው? «አልሞት ባይ ተጋዳይ ሆነ እኮ» ይሉኛል ስፖርት የሚወዱ ጓደኞቼ። እኔ በዚህ አልስማማም።

ጎልፍ እኛ ዘንድ ብዙ ተመልካች የለውምና ሰውየው ምን እንደነበር በአጭሩ ልበል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። በ1997 አሜሪካ ኦገስታ ላይ የማስተርስ ውድድርን ሲያሸንፍ ገና 21 ዓመቱ ነበር። ተከታዩን የበለጠው በ12 ምት ነው። በጎልፍ ኳሷን በትንሽ ምት ጉድጓድ ያስገባ ነው የሚያሸንፈው፤ ብዙ ጊዜ አንደኛውንና ሁለተኛውን የሚለየው አንድ ወይም ሁለት ምት ነው። በ2000 ዩኤስ ኦፕን ላይ ደግሞ ልዩነቱን 15 አደረሰው። በድምሩ 683 ሳምንት የዓለም ቁጥር አንድ ሆኗል። ሲሰላ ከ13 ዓመት በላይ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን እኔን የሚገርመኝ 2008 ነው።

ዩኤስ ኦፕን ያኔ የተካሄደው ሳን ዲዬጎ በሚገኘው ቶሪ ፓይንስ ነበር። የታይገር የግራ ጉልበት ጅማት ተበጥሷል። ከጉልበቱ በታች ያለው አጥንት ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። ሐኪም «እረፍ» ብሎታል። እሱ ግን ተጫወተ። መትቶ ሲጨርስ በሕመም እጥፍ ይል ነበር። እሁድ የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ አራት ሜትር የማትሞላ አንዲት ምት ቀረችው። ከሳተ ዋንጫው አመለጠው። ሣሩ ወጣ ገባ ነው። ኳሷ እየነጠረች ሄዳ የጉድጓዱን ጠርዝ ታክካ ገባች። በማግስቱ እኩል ከጨረሰው ተፎካካሪው ከሮኮ ሚዲዬት ጋር ሌላ 18 ጉድጓድ ተጫወቱ፤ አሁንም እኩል ወጡ። ታይገር በአንድ ተጨማሪ ጉድጓድ፣ በጠቅላላው በ91ኛው፣ አሸነፈ።

ያኔ ዓለም አጨበጨበ። «በተሰበረ እግር!» ተባለ። ዛሬ የሚያነክሰው ሰውም ያው ያ ሰው ነው፤ እልሁም ያው ነው። ሲያሸንፍ ወኔ ያልነውን ነገር ሲሸነፍ ግትርነት ብንለው ፍርዱ ልክ አይመጣም።

ቀጣዩን ትልቅ ዋንጫ ለማግኘት 11 ዓመት ፈጀበት። በ2009 የቤቱ ጉድ አደባባይ ወጣ፤ ትዳሩም ፈረሰ። ያ በራሱ ጥፋት የመጣ ነው፤ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቆበታል። ከዚያ ወገቡ ከዳው። ጀርባው ላይ ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ በ2017 የአከርካሪውን አጥንቶች አያያዙለት። በዚያ ዓመት የዓለም ደረጃው እስከ 1,199ኛ ወረደ። ብዙ ሰው እርሙን አውጥቶ ነበር። በ2019 ግን፣ በ43 ዓመቱ፣ ማስተርስን በአንድ ምት አሸነፈ። በ1997 አባቱ ያቀፉት እዚያው 18ኛው ጉድጓድ አጠገብ ነበር። አሁን አባትየው በሕይወት የሉም። እሱ ደግሞ በተራው ልጁን ቻርሊን እዚያው አቀፈው።

ሌላ ሰው ትዝ አለኝ። በዚያው 2019 «አበቃለት» ሲባል የነበረው የእኛው ቀነኒሳ በቀለ የበርሊን ማራቶንን በ2:01:41 አሸነፈ። ለዓለም ክብረ ወሰን የጎደለችው ሁለት ሰከንድ ናት። በ2024 ደግሞ በ41 ዓመቱ ለንደን ላይ ሁለተኛ ወጣ። «ተው» ያሉትን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ እነዚያን ሁለት ቀናት ባላየናቸው።

የታይገር የድሮው የበላይነት ይመለሳል እያልኩ አይደለም። አይመለስም። በ2021 በመኪና አደጋ የቀኝ እግሩ ሲደቅ እስከ መቁረጥ ታስቦ ነበር። 14 ወር ሳይሞላው ኦገስታ ላይ ተጫወተ። በ2023 ቁርጭምጭሚቱን በቀዶ ሕክምና አጋጠሙለት። በ2025 የግራ ተረከዙ ጅማት ተበጠሰ፤ በዚያው ዓመት ወገቡ ላይ ሰው ሠራሽ ዲስክ ገባለት። አሁን 50 ዓመት አልፎታል። ኳሱን መምታት አይደለም የከበደው፤ መራመዱ ነው። ኦገስታ በቴሌቪዥን ለጥ ያለ ሜዳ ይምሰል እንጂ ዳገትና ቁልቁለት ነው። በማስተርስ ደግሞ ጋሪ የለም፤ አራት ቀን በእግር ነው።

እና «ለምን?» ለሚለው መልስ ካስፈለገ እኔ የ2024ን ማስተርስ ነው የማሳየው። የሐሙሱ ዙር በአየር ጠባይ ምክንያት ስላላለቀ ዓርብ በአንድ ቀን 23 ጉድጓድ ተጫወተ። ነፋሱ የ18ኛውን ጉድጓድ አሸዋ እያነሳ ዓይን ውስጥ ይጨምር ነበር። ተጫዋቾቹ ጀርባቸውን አዙረው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። በዚያ ሁሉ መሃል፣ ከሁለት ዙር በኋላ ወደ ኋላ የቀሩትን የሚያሰናብተውን ማጣሪያ አለፈ። በማስተርስ ለ24ኛ ተከታታይ ጊዜ ማለት ነው፤ ይህን ያደረገ ሌላ ሰው የለም። ቅዳሜ 82 ምት ፈጀበት። በትልልቅ ውድድሮች እንዲህ ተበላሽቶበት አያውቅም።

የማሸነፍ ተስፋ አልነበረውም። ወገቤን ብሎ ቢወጣ ማን ይፈርድበታል? እሁድ ያንን ቀይ ሸሚዙን ለብሶ መጣ። 18ቱንም ጉድጓድ ተጫውቶ 60ኛ፣ ማጣሪያውን ካለፉት ሁሉ መጨረሻ ሆኖ ጨረሰ።